ስለ ትንሹ ጃርት የብርድ ወራት እንቅልፍና ስለ ኅዳር ጥራጊ ክምር

በጉርድ ሾላና በየካ ተራራ ግርጌ ላሉ የመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ የምናገርላችሁ ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገሩም አንድ እሾሃም ትንሽ አውሬ ብርድ ሲመጣ ለረጅም እንቅልፍ እንዴት እንደሚሰናዳ፥ ሰውም ሲሰናዳ እንዴት እንደሚረዳው ነው። ታሪኩ የሚነገረው በሩቅ አገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእኛ ደጃፍ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ሰዎች በየዓመቱ እሳት ከማንደዳቸው በፊት ክምሩን ገልጠው ማየት የተማሩት ስለዚህ አውሬ ሲሉ ነው። እኛም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊያችንን ከምረን እናጤሳለን፤ ነገር ግን በክምሩ ውስጥ ማን እንደተጠለለ የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር በአንድ ቃል የሚጠቀለል ነው፤ ይኸውም ከማጥፋታችን በፊት እንመልከት የሚል ነው። አውሬን ከመግደል በፊት ማን እንደሆነ ማወቅ፥ ክምርን ከማቃጠል በፊት ውስጡን መግለጥ ያስፈልጋል። ይህን ልማድ ለልጆች ለማስተማር ከትንሹ ጃርት የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነገሩን ከእርሱ እጀምራለሁ።

የስሙ ነገር

በአማርኛችን ጃርት የሚለው ስም ለሁለት ልዩ ልዩ አውሬዎች ይነገራል። በግዕዝም ቍንፍዝ የሚለው ቃል እንዲሁ ሁለቱን ያጠቃልላል፤ ዐረቦች ቁንፉዝ የሚሉት የዚሁ ቃል ወንድም ነው። መጻሕፍት የተማሩ አባቶች በትንቢተ ኢሳይያስ የባቢሎን ከተማ ጠፍታ የጃርት መኖሪያ እንደምትሆን የተጻፈውን ያስታውሳሉ። ስሙ አንድ ስለሆነ ግን አውሬው አንድ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ንግግር አንዱን ታላቁ ጃርት፥ ሁለተኛውን ትንሹ ጃርት እያልሁ እለያቸዋለሁ።

ታላቁ ጃርት በደጋም በቆላም ያለ ገበሬ የሚያውቀው ነው። ከአይጥ ወገን የሆነ፥ በጥርሱ የሚቆረጥም አውሬ ነው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ከ20 ኪሎ ግራም የሚያልፍም አለ። በጀርባው ያለው እሾህ ወስፌ የመሰለ ሆኖ ርዝመቱ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ምግቡ ሥራ ሥር፥ ድንች፥ በቆሎና የዛፍ ልጥ ስለሆነ ከገበሬ ጋር ጠብ አለው። ሰዎች እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል ይላሉ፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። በተቈጣ ጊዜ እሾሁን አቁሞ ጅራቱን እያንኳኳ ወደ ኋላው ይንደረደራል፤ ያን ጊዜ የላላ እሾህ በጠላቱ ላይ ተሰክቶ ስለሚቀር የተወረወረ ይመስላል።

ትንሹ ጃርት ግን ከአይጥ ወገን አይደለም። አፍንጫው ሹል፥ ጥርሱ ነፍሳትን ለመሰባበር የተሠራ፥ በሰው እጅ መዳፍ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ፍጥረት ነው። እሾሁ አጭር ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጠላት ሲመጣበት አይዋጋም፥ አይንደረደርምም፤ ራሱንና እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ታላቁ ጃርት እንዲህ መጠቅለል አይችልም። ትንሹ ጃርት የሚበላው ጥንዚዛ፥ ምስጥ፥ አባጨጓሬ፥ የምድር ትልና ቀንድ አውጣ ነው፤ እህል አይነካም፥ ድንችም አይቈፍርም።

በአገራችን ከዚህ ከትንሹ ጃርት ወገን ሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው በኋላ እግሩ አራት ጣት ብቻ ስላለው ባለ አራት ጣት ጃርት የሚባለው ነው፤ እርሱም ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያና እስከ ሶማሊያ ድረስ በሣርና በቍጥቋጦ አገር ይኖራል። ሁለተኛው የምድረ በዳ ጃርት ነው፤ እርሱም ከሰሐራ እስከ ዐረብ አገር ባለው ደረቅ ምድር፥ በእኛም ቆላ ይገኛል። የሳይንስ ሊቃውንት ለዚህ ለሁለተኛው ያወጡለት ስም «ኤትዮፒኩስ» ማለት የኢትዮጵያ የሚል ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ሰው ትንሹን ጃርት ባገኘ ጊዜ «ይህ የጃርት ግልገል ነው፥ ነገ አድጎ ድንቼን ይጨርሳል» ብሎ ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያደረገ ሰው ተባይ የሚለቅምለትን ዘበኛ በሌባው ስም ገደለ ማለት ነው። የስም መመሳሰል የሚያመጣው ጥፋት እንደዚህ ያለ ነው።

የወራቱ ነገር

መምህራን ሆይ፥ የውጭ አገር መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ አንድ ነገር ልጆችን ያሳስታል። መጽሐፉ «ጃርት በክረምት ይተኛል» ይላል፤ ልጁም ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴን፥ ዝናቡንና ጭቃውን ያስባል። የአውሮፓ ክረምት ግን እንደ እኛ ክረምት አይደለም። የእነርሱ ክረምት በረዶ የሚወርድበት፥ ቀኑ የሚያጥርበት፥ ምድር እንደ ድንጋይ የምትደርቅበት ወራት ነው። እርሱም በእኛ አቈጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ነው፤ ይህም የእኛ መኸር የሚሰበሰብበትና በጋው የሚገባበት ጊዜ ነው።

የእኛን ዘመን አባቶቻችን በአራት ከፍለውታል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። መምህር ይህን ክፍል በሰሌዳ ላይ ጽፎ በአጠገቡ የአውሮፓን ወራት ቢያስቀምጥ ልጆች ነገሩን ወዲያው ይረዱታል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር ይገለጥላቸዋል፤ እርሱም አውሮፓ ሲበርድ ክንፍ ያለው ፍጥረት ብዙው ወደ እኛ ወደ አፍሪካ መምጣቱ ነው። በመኸር ጊዜ በሜዳችን ከሚታዩት ሽመሎችና ወፎች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ እንግዶች ናቸው። ትንሹ ጃርት ግን ክንፍ የለውም፥ እግሩም አጭር ነው፤ መሰደድ ስለማይችል በአገሩ ይተኛል።

በአገራችን ያለው ባለ አራት ጣት ጃርት እንደ አውሮፓው ወንድሙ ረጅም የብርድ እንቅልፍ የለውም። አገሩ ሞቃት ስለሆነ ነው። ነገር ግን ድርቅ ሲጸና ምግቡም ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በጐሬው ተኝቶ ችግሩን ያሳልፋል። እንግዲህ የእንቅልፉ ምክንያት በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ይኸውም ረኃብን በእንቅልፍ ማለፍ ነው።

የእንቅልፉ ነገር

የአውሮፓው ጃርት በበረዶ ወራት ጥንዚዛና ትል ከምድር ስለሚጠፋ የሚበላው ያጣል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ሌሊቱን ሁሉ እየዞረ ይበላል፥ ከቆዳውም በታች ስብ ያጠራቅማል። ይህ ስብ ስንቁ ነው። የሚያውቁ ሰዎች እንደሚሉት ክብደቱ ቢያንስ ከ450 እስከ 600 ግራም ካልደረሰ እስከ ጸደይ የሚያደርሰው ስንቅ አይኖረውም። በበጋቸው መጨረሻ ዘግይተው የተወለዱ ግልገሎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ከዚህ መጠን ሳይደርሱ ብርዱ ስለሚቀድማቸው ነው።

ስንቁን ካጠራቀመ በኋላ ቤቱን ይሠራል። በአጥር ሥር፥ በጭራሮ ክምር ውስጥ ወይም በዛፍ ሥር መካከል ቦታ መርጦ የደረቀ ቅጠል በአፉ እየተሸከመ ይከምራል። ከዚያም በክምሩ ውስጥ ገብቶ እየተዟዟረ ቅጠሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብረዋል። እንዲህ ያለው ቤት ውኃ አያስገባም፥ ብርዱንም ይከለክላል።

በዚህ ቤት ሲተኛ እንቅልፉ እንደ ሰው እንቅልፍ አይደለም። ነቅቶ ሳለ 35 ዲግሪ ያህል የሆነው የሰውነቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 20 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። ትንፋሹም እጅግ ይዘገያል። የሚያየው ሰው የሞተ ይመስለዋል። በመብራት ዘይት ብንመስለው፥ መብራቱን ሳያጠፋ ክሩን ዝቅ አድርጎ ዘይቱን እንደሚቈጥብ ሰው ነው። ጸደይ ሲመጣ ሲነቃ የሰውነቱን ክብደት ሩብ ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን አጥቶ ይገኛል።

በዚህ እንቅልፍ ጊዜ የሚያስነሣው ሰው ትልቅ ጉዳት ያደርስበታል። ለመንቃት ሰውነቱን እንደገና ማሞቅ አለበት፤ ይህም ከስንቁ ብዙውን ይበላል። ያለ ምክንያት ደጋግሞ የተቀሰቀሰ ጃርት ጸደይ ሳይደርስ በረኃብ ይሞታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ርዳታ መመገብ ሳይሆን አለመንካት ነው።

ሰዎች እንዴት እንደሚረዱት

በእንግሊዝ አገር ይህን አውሬ የሚወድደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በ1982 በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ እርሱ ጥበቃ አንድ ማኅበር ቆመ። ይሁን እንጂ ፍቅር ብቻውን አላዳነውም። በ2022 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣ የአገሩ ሪፖርት እንደሚለው ከ2000 ወዲህ በገጠር ያለው ጃርት እንደ ቦታው ከ30 እስከ 75 ከመቶ ቀንሷል። በ2024ም የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአውሮፓውን ጃርት ለመጥፋት አደጋ ከቀረቡት ወገን ጻፈው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የአጥር ቍጥቋጦ መመንጠሩ፥ የተባይ መርዝ፥ የመኪና መንገድ መብዛቱ፥ የግቢ ሁሉ በግንብ መታጠሩ ነው። ማንም ጃርትን ላጥፋ ብሎ አልተነሣም፤ ሰው ሁሉ ግቢውን ሲያሳምር ጃርቱ መጠጊያ አጣ።

ስለዚህ የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሥራዎችን ተማሩ። በግቢያቸው አንድ ማዕዘን ሳይጠርጉ፥ ቅጠሉንና ጭራሮውን እንዳለ ይተዉለታል። በአጥራቸው ግርጌ ወርዱም ቁመቱም 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ ጃርቱ ከግቢ ወደ ግቢ እየዞረ ምግቡን እንዲፈልግ ነው። በዝርግ ሣህን ውኃ ያኖሩለታል፤ ወተት ግን አይሰጡትም፥ ወተት ሆዱን ያውከዋልና። የቀንድ አውጣ መርዝ ከመርጨት ይከለከላሉ፤ መርዙ የጃርቱን ምግብ ያጠፋል፥ እርሱንም ይጎዳልና።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለእኛ የሚቀርበው አንዱ ሥራ ነው። እንግሊዞች በ1605 በንጉሣቸው ላይ የተዶለተው ሤራ የከሸፈበትን ቀን ለማሰብ በየዓመቱ በእነርሱ ኖቬምበር 5 ቀን፥ ማለት በእኛ ጥቅምት 26 ቀን፥ ታላላቅ የእንጨት ክምር አቁመው ያነዳሉ። ይህም ጃርቱ የሚተኛበትን ቦታ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ለጃርት የእንጨትና የቅጠል ክምር ማለት የተዘጋጀ ቤት ማለት ነውና ይገባበታል፤ እሳቱም እዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ልጆች የሚማሩት፥ ክምሩን እሳቱ በሚነድበት ቀን መከመር እንጂ ቀናት ቀድሞ አለመከመር፥ አስቀድሞ የተከመረውንም ከማቃጠል በፊት ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ማየት ነው።

የእኛ ኅዳር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለውም በዚሁ ቀን ነው። የዚህ ልማድ ታሪክ የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ሁሉ የዞረው ጕንፋን ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ዳኑ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲህ ቤቱንና መንደሩን ጠርጎ ጥራጊውን በየደጁ እያጤሰ ያን መቅሠፍት ያስባል። ይህ ልማድ የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ ልናቃልለው አይገባም።

ነገር ግን የቀኑን አወዳደቅ እንመልከት። ከእንግሊዞቹ እሳት በኋላ 16 ቀን ብቻ ቈይቶ ይመጣል። ዝናቡ አልፏል፥ ምድር መድረቅ ጀምራለች፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የሌሊት ብርድ በርትቷል፥ በየሜዳውም ውርጭ ይታያል። ጥራጊው ደግሞ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ለብዙ ቀን ይጠራቀማል፤ ቅጠል፥ ጭድ፥ የአጥር ቍራጭ፥ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው። ውስጡ ለስላሳና እርጥብ፥ ከውጭው ይልቅ ሞቃት ነው። እንግዲህ መጠጊያ የሚፈልግ ትንሽ ፍጥረት ሁሉ ወደዚያ ቢገባ ምን ያስደንቃል?

በጉርድ ሾላ ክምር ውስጥ ጃርት ባይኖር እንኳ ሌሎች አሉ። ጉርጥ እርጥበት ፍለጋ ይገባል፤ እንሽላሊት ሙቀት ፍለጋ ይገባል፤ እስስት ከተቈረጠው የአጥር ቅርንጫፍ ጋር ሳይታወቅ ተጭኖ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ የትንሹ ጃርት የሥራ ጓደኞች ናቸው፤ ዝንብ፥ ትንኝና ጥንዚዛ እየበሉ ጓሮአችንን ይጠብቃሉ። እስስትን ሰው ስለሚፈራ፥ ጉርጥንም ስለሚጸየፍ የሚያዝንላቸው የለም። ነገር ግን የጐመን መደቡን የሚጠብቅ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ የሚገኘው ከእነርሱ ዘንድ ነው።

ደግሞም የአገራችን ሁኔታ ተለውጧል። ጉርድ ሾላ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው፤ ዛሬ ግን አስፋልት ተዘርግቶበታል፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡርም ያልፍበታል። በቀድሞ ዘመን ከአንድ ክምር የሸሸ ፍጥረት በአጠገቡ ሌላ ቍጥቋጦ ያገኝ ነበር። ዛሬ በግንብና በአስፋልት መካከል ያቺ አንዲት ክምር የመጨረሻ መጠጊያው ልትሆን ትችላለች። በእንግሊዝ ገጠር የሆነው ነገር በእኛ ደጃፍ እንዳይደገም አሁን ማሰብ ይገባናል።

በትምህርት ቤት የሚደረግ ሥራ

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች በየትምህርት ቤታችሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፥ ጥራጊው የሚቃጠል ከሆነ በሚቃጠልበት ቀን ይከመር። ቀደም ብሎ የተከመረ ቢኖር ዐዋቂ ሰው በመንሽ ከላይ ወደ ታች እያነሣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረው። ይህን ሥራ ልጅ በእጁ እንዳይሠራ ተጠንቀቁ፤ በክምር ውስጥ እባብና ጊንጥ ሊኖር ይችላልና።

ሁለተኛ፥ እሳቱ በክምሩ ዙሪያ ሁሉ አይለኰስ። በአንድ ወገን ብቻ ቢለኰስ በውስጡ የቀረ ፍጥረት በሌላው ወገን ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ፕላስቲክና ላስቲክ ከእሳቱ ይለይ። ጢሱ ለሰው ሳንባ መርዝ ነው፤ በሽታን ለማስወገድ የተጀመረ ልማድ በሽታ እንዲያመጣ አይገባም። የደረቀውንም ቅጠል ሁሉ ማቃጠል ግድ አይደለም፤ ጥቂቱን ለመታሰቢያ አጢሶ የቀረውን በጕድጓድ ጨምሮ ብስባሽ ማድረግ ለትምህርት ቤቱ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

አራተኛ፥ ከግቢው ዳር አንድ ማዕዘን ይመረጥ፥ ስፋቱም ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ ይሁን። ይህ ቦታ ከልጆች መጫወቻና ከመማሪያ ክፍል የራቀ ይሁን። እዚያ ድንጋይ፥ ጭራሮና ቅጠል ይቀመጥ፤ ከኅዳር እስከ የካቲትም አይጠረግ። በአጠገቡ በዝርግ ሸክላ ውኃ ይኑር፥ በውስጡም ትንሽ ድንጋይ ይቀመጥ፤ የገባ ፍጥረት እንዳይሰምጥ ነው።

አምስተኛ፥ ልጆች ከሩቅ ሆነው ያዩትን በደብተር ይጻፉ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የፍጥረቱን መልክና የሚበላውን ይመዝግቡ። አንድ ዓመት የተጻፈ ደብተር ለሚመጣው ዓመት ልጆች መጽሐፍ ይሆናቸዋል።

ስድስተኛ፥ ከዱር የተገኘ ፍጥረት ወደ ቤት ተወስዶ አይታሰር። የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ለልጅ ግን ከሕጉ በፊት ምክንያቱ ይነገረው፤ በሣጥን የታሰረ ጃርት እንደ ተወደደ ይሞታል እንጂ አይኖርም።

ሊነሣ ስለሚችል ጥያቄ

አንዳንድ ሽማግሌ «ሰው ሳይጠግብ ስለ ጉርጥና ስለ ጃርት ማሰብ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች አሉ፤ ያ ቅጠል የእንጀራ መጋገሪያ ነው፥ የልጆቻቸውም ራት ነው። ቅጠሉን ለአውሬ ተዉ ብሎ ለእነርሱ መስበክ ነውር ነው። እኔም የምለው ይህን አይደለም። ማዕዘኑን እንዲተው የምጠይቀው ቅጠሉን ለማገዶ የማይፈልገውን፥ ጠርጎ በከንቱ የሚያቃጥለውን ግቢ ነው። ድሃዋ ሴት የምትጠቀምበትን ቅጠል እኛ በከንቱ ስናነደው ለሰውም ለፍጥረትም አልጠቀምንም።

ሌላውም «ጃርት ድንቼን በላው፥ እንዴት ልታገሠው?» ይል ይሆናል። ይህም እውነተኛ ሮሮ ነው። ታላቁ ጃርት በአንድ ሌሊት የብዙ ቀን ድካም ያጠፋል። ለእርሱ የድንጋይ ካብ ከሥሩ አጥልቆ መካብ፥ ማሳውን ማታ ማታ በተራ መጠበቅ፥ የደረሰውንም ድንች ሳይዘገዩ መቈፈር ይረዳል። ነገር ግን የታላቁ ዕዳ በትንሹ ላይ አይቈጠር። ዳኛ በስም ብቻ እንደማይፈርድ፥ ሥራውን አይቶ እንደሚፈርድ ሁሉ፥ ገበሬም አውሬውን በእሾሁ ሳይሆን በሥራው ይመልከተው።

ሦስተኛውም ሰው «የተተወው ማዕዘን የእባብ ቤት ይሆናል» ቢል ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ስለዚህም ነው ቦታው ከልጆች መጫወቻ ይራቅ ያልሁት። ክምሩ ትንሽ ይሁን፤ በዙሪያውም ያለው ሣር ይታጨድ፤ የእህል ፍርፋሪም አይጣልበት፥ እህል አይጥን ይጠራልና፥ አይጥም እባብን ትጠራለችና።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ ወገኖቼ ሆይ፤

ልጅ ርኅራኄን የሚማረው በቃል ብቻ አይደለም፤ ሥራ አይቶ ነው። በኅዳር 12 ማለዳ አንድ የተከበረ ሽማግሌ መንሽ ይዞ ክምሩን ሲገልጥ፥ በውስጡም ያገኘውን ጉርጥ በአካፋ አንሥቶ ወደ አጥሩ ሥር ሲያዛውር ያየ ልጅ አንድ ነገር ይማራል። ይኸውም ጕልበት ያለው ሁሉ ጕልበቱን ከመሥራቱ በፊት ሊመለከት እንደሚገባው ነው። ይህ ልጅ አድጎ በሰው ላይ ሥልጣን ቢሰጠው፥ ሳይመረምር እንዳይፈርድ የልጅነት ልማዱ ይይዘዋል።

በ1911 ዓ.ም. በዚያ በክፉ ኅዳር ያለቁትን ወገኖቻችንን የምናስበው ሕይወት ምን ያህል በቀላሉ እንደምትጠፋ ስለምናውቅ ነው። እንግዲህ የሞትን መታሰቢያ በምናደርግበት ቀን ያለ ምክንያት ሌላ ሕይወት እንዳናጠፋ ብንጠነቀቅ መታሰቢያው የበለጠ ይከበራል እንጂ አይጐድልበትም።

እግዚአብሔር የምንዘራውን ለፍሬ፥ የምናስተምራቸውን ልጆች ለቁም ነገር ያብቃልን።